በእናቴ ጋን የተተከለው ጅብራ

እናቴ ሳትሞት ተዝካሯን ልታወጣ ቆርጣ ተነሣች። ይህ በእኛ አገር እብደት አይደለም። ወራሹን ያላመነ ሰው ተዝካሩን በቁሙ ያወጣል፤ ካህናቱን ይጠራል፣ ድሀውን ያበላል፣ የነፍሱን ስንቅ አስቀድሞ ይልካል። ከዚያ በኋላ ሞት በፈለገው ቀን ይምጣ። እብደቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ያመጣውም መንግሥት እንጂ እናቴ አይደለችም።

ያልታመንሁት ወራሽ እኔ ነኝ። ሌላ ልጅ የላትም። "አንቺ እጅ ላይ ከወደቅሁማ ለነፍሴ ቅራሪ ነው የምታጠጪልኝ" ትለኝ ነበር፣ ያውም ጎረቤት እየሰማ። ቅራሪ ዋናው ጠላ ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮበት የሚጠጣው ነው። ጠላዬ ቀጠን እንደሚል አልክድም፤ ቅራሪ ግን አልነበረም። በከተማችን በንፋስ መውጫ ሌላ ሰው እንዲህ ብሎኝ ቢሆን ጸጉሩን እነጨው ነበር። እናት ናትና ዋጥ አደርገዋለሁ። የዋጥሁት ሁሉ ግን ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የእሷ ጠላ የሚጠመቅበት ጋን ደግሞ ራሱን የቻለ ባላባት ነው። ስትዳር ከእስቴ አብሯት የመጣ ነው፤ ሙሽራዋ በበቅሎ፣ ጋኑ በሰው ትከሻ። "እኔ ብወድቅ ሰው ያነሣኛል፤ እሱ ቢወድቅ ማን ይጠግነዋል?" ብላ ሚዜዎቹን ሁሉ ከእሷ ነጥላ ለጋኑ አጃቢ አድርጋቸው ነበር ይባላል። ደረቴ ድረስ ይደርሳል። አንገቱ ዙሪያ እንደ ድሪ የተደረደረ ጌጥ አለው፤ ሆዱ ላይ ሸክላ ሠሪዋ በጣቷ የጫረችው የስንዴ ዛላ አለ። አፉም ከሌላው ጋን ሁሉ ሰፋ ይላል። እናቴ ለነፍስ አባቷ አስቀድማ ተናግራለች፤ የተዝካሯ ቡራኬ የሚደርሰው በዚህ ጋን አፍ ላይ ነው። ቀኑም ተቆርጦ ለግንቦት ልደታ ተብሏል፤ የእስቴና የስማዳ ዘመድም ተጠርቷል።

ባለቤቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። አለቃው ፊታውራሪው፣ የአውራጃችን ገዥ፣ በዚያ ዓመት ለሆነ ጉዳይ አሥመራ ሄደው ተመለሱ፤ ልባቸው ግን እዚያው ቀረ። ያደሩበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ዘንባባ አይተዋል። ደጅ አይደለም፤ ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ባጌጠ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ተተክሎ። "ሥልጣኔ ማለት ያ ነው!" እያሉ ለመጣ ሰው ሁሉ ያወራሉ። የንፋስ መውጫ ሰው በአክብሮት ያዳምጣቸውና ከደጅ ሲወጣ ራሱን ይነቀንቃል። እኛ ዛፍ ቤት የምናስገባው ወይ ለምሰሶ ወይ ለምድጃ ነው። ነፍስ ያለውን ዛፍ ጣራ ሥር አስገብቶ በእንስራ ውሃ ማጠጣት፣ ያውም ሰማዩ ራሱ በሚያጠጣበት አገር!

ነገሩ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ግን ከጎንደር የጠቅላይ ግዛቱ መርማሪ በበቅሎ እየዞረ አውራጃዎችን ሊጎበኝ እንደሆነ ተሰማ። ፊታውራሪው መንገድ አላስጠረጉም፤ የዘመመውን የእስር ቤት ግድግዳም አላስደገፉም። "የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ዛፍ ያስፈልገዋል" አሉ።

ዘንባባ በደጋ ከየት ይመጣል? ለሆሳዕና የምናስረው እንኳ ከቆላ የሚመጣ ነው። ይኼኔ ባለቤቴ፣ ዝም ቢል ምንም የማይቀርበት ሰውዬ፣ "ጉና ላይ ጅብራ አለ ጌታዬ፤ ራቅ ብለው ካዩት ዘንባባ ነው" አለ። ጅብራ በውርጭ አገር ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ራሱ ላይ ረጃጅም ቅጠሉን እንደ ጎፈሬ የነሰነሰ ተክል ነው። ሥራ ፈቶ የቆመ ሰው "ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ?" የሚባለው በእሱ ነው። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ፣

"አንተ ሰውዬ፣ በረዶ ለብሶ ያደገ ነገር ጣራ ሥር ምን ሊሆን ነው?" አልሁት።

"ፊታውራሪው እኮ ደስ አላቸው" አለኝ። የእሱ መልስ ሁልጊዜም ይኸው ነበር።

ከጉና ሲያወርዱት ቅጠሉ እንዳይሰበር በቃሬዛ አስተኝተው፣ ንፋስ እንዳይመታው ጋቢ አለበሱት። የገበያ ቀን ነበር። በእኛ አገር ቃሬዛ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ተከተሉ፤ ወንዶቹም ሸክሙን እየተቀባበሉ ትከሻቸውን ሰጡ። አንዲት አሮጊት ከተሸካሚዎቹ አንዱን "የየት አገር ልጅ ነው?" ብላ ብትጠይቀው፣ ድካም አፉን የያዘው ሰው "የጉና" ብሎ ብቻ መለሰላት። "ወይ ጉና፣ ስንቱን ወንድ በውርጭ ፈጀ!" ብላ ሙሾ አወጣችለት። ሙሾዋ ሰው ያስለቅስ ስለነበር እኔም ደጄ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ደርሰው ጋቢው ሲገለጥና ቅጠሉ ዘርገፍ ሲል፣ አሮጊቷ ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። "ለጎመን ነው እንባዬን ያስጨረሳችሁኝ?" አለችና ነጠላዋን አራግፋ ወደ ገበያዋ ሄደች።

አሁን የሚተከልበት ዕቃ ተፈለገ። የጋዝ በርሜል መጣ፤ ፊታውራሪው "ይህ የበቅሎ ውሃ መጠጫ ነው፤ እኔ ያየሁት ጌጥ ያለው ነው" ብለው መለሱት። ባለቤቴ አሁንም አጠገባቸው ተገትሯል። "አማቴ ጋን አላት" አለ። እዚያ ብኖር አፉን በመዳፌ እዘጋው ነበር።

ፊታውራሪው ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጡ። እናቴ ከመደቡ ልትነሣ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

"እመይቴ፣ ጋንዎን መንግሥት ይፈልገዋል።"

"ምነው፣ መንግሥት ጠላ ሊጠምቅ ነው?"

"ዛፍ ሊተክል ነው።"

እናቴ ወደ እኔ ዞራ "ደኅና ናቸው?" ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ለገዥ እምቢ አይባልም፤ እሷም ታውቀዋለች። ብትሯን ይዛ ብድግ አለች።

"እንግዲያ ይስሙኝ ጌታዬ። ጋኔ አይበሳም። አንገቱ አይነካም። ለልደታ ደግሞ ቤቴ ይገባልኛል፤ ተዝካር አለብኝ።"

"የማን ተዝካር?"

"የእኔ ነዋ!"

ፊታውራሪው ትንሽ አሰቡና "ንጉሥ ይሙት እመልሳለሁ" ብለው ማሉ። ጋኑ ሲወጣ እናቴ እስከ አጥሩ በር ሸኘችው። አባቴ ሲሞት ያላለቀሰችውን ያን ቀን ስታለቅስ አየኋት፤ አዘንሁም፣ ቀናሁም።

በማግስቱ እኔና እናቴ አዳራሹ ሄደን ስናይ፣ ጅብራው ጋን ውስጥ አልገባ አለ። ሥሩ ከነአፈሩ የጎሽ ራስ ያህላል፤ የጋን አፍ ሰፊ ነው ቢባል የጋን አፍ ነው። ከአፈሩ አራገፉት፤ አልገባም። ሥሩን መለመሉት፤ አልገባም። የአውራጃው ዳኛ "አንገቱ ቢሸረፍስ?" ሲሉ እናቴ ጥግ ከተቀመጠችበት በርጩማ "የእኔን ሸርፉት!" ብላ ጮኸች። ዘበኛው፣ ሽማግሌ ወታደር ነው፣ "አፉን ቅቤ እንቀባው" አለ። የእናቴ የነፍስ አባት እዚያው ነበሩና ደነገጡ።

"በሁዳዴ ቅቤ?"

"ለጋን ነው እንጂ ለሰው ነው እንዴ አባ?"

"ጋኑ የክርስቲያን ጋን ነው!"

አዳራሹ በዚህ ነገር ለሁለት ተከፈለ። ጋን ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ሲራዘም ጅብራው መሬት ላይ ተጋድሞ ቅጠሉ ይጠወልጋል። በመጨረሻ የተስማሙት በተልባ ነው። እኔ ቤት ሄጄ ተልባ ቀቅዬ፣ እስኪዝለገለግ አማስዬ አመጣሁና በጋኑ አፍ ዙሪያ አፈሰስሁት። አራት ጎበዝ ጅብራውን ወደ ታች ሲጫነው ሸርተት ብሎ ገባ፤ ከጎበዞቹ አንዱ ደግሞ እስከ ብብቱ አብሮት ገብቶ በስንት ትግል ወጣ። አዳራሹ ወለል ላይ በፈሰሰው ተልባ ያልወደቀ ሹም የለም።

የጓሮው አፈር ኮረት ብቻ ሆነባቸው። ስለዚህ ከአውድማ ጥራጊ አመጡ፤ ድቃቂው እብቅ፣ ፍጉ፣ አፈሩና በመካከሉ የቀረው ገብስ ሁሉ ተደባልቆ በጅብራው ዙሪያ ተሞላ። እንዳይንገዳገድ ከሥሩ ድንጋይ ደገፉት። "ጋን በጠጠር ይደገፋል!" አሉ ፊታውራሪው፤ ራሳቸውን ጋን፣ እኛን ጠጠር እንዳደረጉ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ግን አልተወሰነም። ስለዚህ ፊታውራሪውን ደስ ማሰኘት የፈለገ ሁሉ ያጠጣው ጀመር። ጧት ዘበኛው ያጠጣል፣ ዳኛው ሲመጡ ያስጠጣሉ፣ ባለቤቴ ከቤት በቅል ይዞ ይሄዳል፣ ጉዳይ ያለው ባለጉዳይ እጅ ከነሣ በኋላ ጠብ ያደርግበታል። ጋኑ አልተበሳም። የገባው ውሃ ሁሉ እዚያው ነው።

ሁዳዴ ሳያልቅ በጋኑ አፍ ዙሪያ አረንጓዴ ጺም ወጣ። ገብሱ በቅሎ ነው። ፊታውራሪው ግን "ዛፉ ወለደ" ብለው ተደሰቱ። ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ ጠላ ጠላ ይሸት ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረው ዘበኛው ነው። ቀጥሎ ሁሉም ተጠረጠረ። ፊታውራሪው ሠራተኛውን ጧት ጧት በር ላይ አሰልፈው "እፍ በል!" እያሉ ትንፋሽ ያሸቱ ጀመር። ባለቤቴ ጠላ ከቀመሰ ሆዱ የሚነፋ ሰው ነው፤ እሱም እፍ ይል ነበር። ዳኛው አንድ ቀን እፍ አልልም ብለው እንደተቆጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ችሎትም አልነበረም።

ነገሩን የገለጠችው እናቴ ናት። ጋኗን ለማየት በየቀኑ ትሄዳለች፤ በርጩማዋን ይዛ አጠገቡ ትቀመጣለች። አንድ ቀን እኔም አብሬያት ነበርሁ። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ጋኑ ሆድ ላይ ለጠፈችና እስክትደክም ሳቀች።

"ነይ ስሚ!" አለችኝ። ጆሮዬን ብጥለው ውስጡ ይንተከተካል። "ገብሱ በቀለ፣ ብቅል ሆነ። ጋኑ ደግሞ ሥራውን አልረሳም። ይኸው እየጠነሰሰላቸው ነው፤ ጌሾ ብቻ ነው የጎደለው!" ጅብራው ራሱ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ በገመድ ከጣራው ወራጅ ጋር ታስሯል። ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ እናቴ የጋኑን አንገት እየዳሰሰች "የእኔን ድርሻ ለዚህ ለተገተረ ነገር ጠመቀለት" አለች። ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም።

ልደታ ቀረበ፤ መርማሪው ግን የለም። ዛሬ ደብረ ታቦር ደረሰ ይባላል፣ ነገ ተመለሰ ይባላል። ፊታውራሪው "እሳቸው ሳይመጡ እንዴት አፈርሰዋለሁ?" ብለው ጋኑን ከለከሉ። የእናቴ እግር ከፋሲካ ወዲህ አብጦ ነበር። "ክረምቱን አላልፈውም" አለችኝ፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል። ቀኑን እናዛውረው አልኋት። "ዘመዱ መንገድ ጀምሯል። ደግሞ እኔ ራሴ መንገድ ጀምሬአለሁ" አለች። በባለቤቴ በኩልም ለፊታውራሪው ላከችባቸው፤ "ጋኔ ወደ እኔ ካልመጣ እኔ ወደ ጋኔ እመጣለሁ" ብላ። ፊታውራሪው የአሮጊት ቁጣ መስሏቸው ሳቁ።

ስለዚህ ጠላው በእኔ እጅ ወደቀ። ከየጎረቤቱ እንስራውን፣ ማሰሮውን፣ ምንቸቱን ለቅሜ ጠነሰስሁ። እናቴ ከመደቧ ላይ ሆና ታየኛለች። "ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ" አለች፤ ቆየት ብላም "ያውም በአንቺ እጅ" ጨመረችበት። ጌሾውን በንዴት ወቀጥሁት፣ ብቅሉን በንዴት ፈጨሁት። ውሃውን ግን አንዴ እቀንሳለሁ፣ አንዴ እጨምራለሁ፤ የማያምኑበት እጅ የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

የልደታ ዕለት ሰው ተሰበሰበ። እናቴ መራመድ አልቻለችም፤ ጎረቤቶች ቃሬዛ አመጡ፤ ያው ጅብራው የመጣበት ነው። ጋቢ አለበስናት። ካህናቱ ከፊት፣ ቃሬዛው ከመሀል፣ ሴቶች እንስራ አዝለው ከኋላ፣ ነዳያኑም ተከትለው ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ወጣን። በመንገድ ያየን ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ ቀና ብላ እጇን ታወዛውዛለች፤ "ኧረ አልሞትሁም! ወደ ድግሴ ነው! ኑ፣ እናንተም ኑ!" ያለቀሰው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ተከተለን።

ፊታውራሪው በር ላይ ቆሙ። የነፍስ አባቷ መስቀላቸውን አውጥተው "ተዝካር የከለከለ…" ብለው ዝም አሉ። ሳይጨርሱት መቅረታቸው ከመጨረሳቸው የከፋ ነበር። በሩ ተከፈተ።

ካህናቱ ጋኑን ከበው ጸሎት አደረሱ። የጅብራው ቅጠል የቄሱን ጥምጥም እየጎተተ ያስቸግር ነበር። "ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን" ሲሉ ከሁሉ በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "አሜን" የምትለው ራሷ እናቴ ናት። እንጀራው ሲታደል፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። መርማሪው ገቡ።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉ።

ፊታውራሪው "ማንም ጌታዬ" አሉ።

"ታዲያ ተዝካሩ የማን ነው?"

"የእኔ ነው" አለች እናቴ ከቃሬዛዋ ላይ። "መንገደኛ ነዎት፤ ይቀመጡ እንጂ።"

መርማሪው ተቀመጡ። ዓይናቸው ከጣራው ጋር የታሰረው ነገር ላይ አረፈ። "ይህስ?" ፊታውራሪው "ዘንባባ ነው፣ እንደ አሥመራው…" ብለው ጀመሩ።

"እኔ የደባርቅ ሰው ነኝ" አሉ መርማሪው። "ይህ ጅብራ ነው።" አሸተቱት። "ደግሞም ጠጥቷል።"

እናቴ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጋኑን፣ መሐላውን፣ ልደታን። መርማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ጅብራውን አውጡና ጋኑን ለባለቤቱ መልሱ" አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ታጥበው በሉ። ስለ እስር ቤቱ ግድግዳ ሳይጠይቁ ነው የሄዱት።

እሳቸው ገና ሲበሉ በእናቴ ዋንጫ ጠላዬን ቀዳሁላት። ጎረቤቱ ሁሉ ነገራችንን ያውቃልና ወደ እኛ ዞረ። ተጎነጨች፤ አፏ ውስጥ አቆየችው።

"ቀጥኗል" አለች።

ደሜ ፈላ። በሰው ፊት፣ በተዝካሯ ቀን! ማሰሮውን አስቀምጬ ልወጣ ስል ዋንጫውን ጨልጣ ወደ እኔ ዘረጋችው። "ወዴት ነው? ድገሚኝ እንጂ።" ደገምኋት። እሱንም ጨለጠችው። አጠገቧ ወደ ተቀመጠችው የስማዳ ዘመዳችን ዘንበል ብላም "የልጄ ጠላ ነው" አለቻት።

ጅብራው እንደ አገባቡ አልወጣም፤ ሥሩ አብጧል። ተክሉን ከጋኑ አፍ ላይ ቆርጠው የቀረውን ቀስ በቀስ በጭልፋ ጫሩት፤ ጋኑ ቤቱ የገባው በሰኔ ዝናብ ነው። እናቴ ውስጡን አሽትታ "ይወጣለታል፤ ደጋግመሽ በወይራ እጠኝው" አለችኝ። በነሐሴ ሞተች።

ተዝካሯ ወጥቷልና ማንም ድግስ አልጠበቀብኝም፤ የነፍስ አባቷም "ዕዳ የለብሽም" አሉኝ። እኔ ግን ለአርባዋ ጋኑን አጠንሁና ጠመቅሁ፤ ገብሱንም ጌሾውንም ሳልሰስት፣ ውሃውን ሲበቃው ትቼ። ጎረቤት ተጠርቶ መጣ። ወፍራም ነበር። ሁሉም ጠጥተው "የእናትሽ ጠላ ነው" አሉኝ። አንድም ሰው ቀጥኗል አላለኝም። ጓዳ ገብቼ ጋኑን አቅፌ አለቀስሁ።